የነስሩ ሻንሲ

ሰኞ

ነስሩ ዛሬም ያንኑ ላሜራ ይዞ ገባ። እጁን ታጠበ፣ መግሪብ ሰገደ፣ የቀረበለትን ሁለት ጉርሻ ቀመሰና ቀጥ ብሎ ወደ ትንሿ ክፍል። ትንሽ ቆይቶ የብረት መጋዙ፣ ሴጌቶው ጀመረ። ብረት ሲቆረጥ ሰውነቴን ይሰቀጥጠኛል፣ ያውቃል። በሩን እንኳ አይዘጋም።

ያቺ ክፍል ለማን እንደነበረች ሁለታችንም እናውቃለን። መጋረጃዋን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን እዚያ ብረት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ተተክሏል፣ ቡሎን ተበትኗል፣ የብረት ብናኝ ምንጣፉ ላይ አለ። ሁሉም ለአንድ መጫወቻ። ክሮውለር ይሉታል፣ ድንጋይ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ የሪሞት መኪና ነው። ታናሽ ወንድሙ ፉአድና ጓደኞቹ አርብ አርብ ከቤቴል ወዲያ ወንዝ ዳር ወስደው ድንጋይ ያስወጡታል። ሚስት ያገቡ፣ ጢም ያበቀሉ ሰዎች ናቸው። የነስሩ መኪና ክረምት ላይ ሻንሲዋ፣ አካሏ ሁሉ የሚያርፍበት አጥንቷ፣ ለሁለት ተሰበረ፣ ፕላስቲክ ነበረች። ሞተሩና ጎማው ደህና ነው። ፉአድ የተሠራ እንግዛልህ ቢለው አሻፈረኝ አለ። ራሴ እሠራዋለሁ አለ።

ልጃችንን ከቀበረ ወር አልሞላውም።

እኔ አላየኋትም። ስምንተኛ ወሯ ላይ ልቧ ሆዴ ውስጥ ዝም አለ። አምጬ ወለድኳት፣ እንደማንኛዋም ሴት። አማቴ አዋላጇን «አታሳዩዋት፣ ካየቻት አትረሳትም» አሏት። እኔ እየሰማሁ። በጨርቅ ጠቅልለው ለነስሩ ሰጧት፣ እሱ ከአጎቱ ጋር ወስዶ ቀበራት። ሴት መቃብር አትሄድም። ምን ትመስል ነበር ስለው «አረፍ በይ ሰሚ» ይለኛል። እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ደግሞ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም። ይንገረኝ፣ በቃ።

ማክሰኞ

ሌሊት ቅዝቃዜው ጉድ ነበር። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይገባል።

ወተቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ጡቴን በነጠላ ጠፍሬ አስሬዋለሁ። ጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ልብሴ ይረጥባል። ይህንን ለማን ይነግሩታል? አራስ አይደለሁ፣ ገንፎ የሚያገነፋልኝ የለም። ሐዘንተኛም አይደለሁ፣ ለቅሶ የሚደርሰኝ የለም። ድንኳን አልተጣለም፣ ሰው አልተቀመጠም። እንዲህ ላለው አይለቀስም ይላሉ። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «አላህ ይተካል፣ ልጅ ነሽ» ብለው ወደ ጉዳያቸው። ምን ይተካል? እሷ ጥርስ ናት፣ የወለቀች?

ዛሬ ግን አንድ ነገር ሠራሁ። አንድ የተማሪ ቀሚስ ጨረስኩ፣ ጠርዙ ሳይጣመም። ይህም ቀላል አይደለም።

ነስሩ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከሚሠራበት የጄኔሬተር ጥገና ቤት፣ ትርፍራፊ ብረት በላስቲክ ይዞ መጣ። ለእኔ ብርቱካን። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እኔን ሳያይ አለፈ። ተናደድኩ። ብርቱካኑን ግን በላሁት።

ረቡዕ

ዛሬ ዘው ብዬ ገባሁበት። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የብረቱን አንድ ጫፍ አስያዘኝ።

እንዴት እንዳወራ! ስለ ላሜራ ማለቴ ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው ግን ድንጋይ ሲመታው ይጣመማል አለ። ብረት ይሻላል፣ ግን ከወፈረ ሞተሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ስስ ላሜራ ወስዶ ጠርዙን ግራና ቀኝ ማጠፍ፣ እንደ ቦይ። ሁለት እንዲህ ያሉ ረጃጅም ብረቶች ጎን ለጎን፣ መሀላቸው መስቀለኛ። ይበየዳል ወይ አልኩት። አይበየድም፣ በቡሎን ነው የሚታሰረው፣ እንደ ትልቁ የጭነት መኪና፣ ትንሽ መወላገድ አለበት አለ። የማይወላገድ ሻንሲ ይሰነጠቃል። ክብደቱ ሁሉ ታች መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል።

ከቀበራት ጀምሮ ያላወራኝን ዛሬ ስለ ቡሎን አወራኝ። መጀመሪያ አናደደኝ። ኋላ ግን ድምፁን ናፍቄው ኖሯል፣ እስኪጨርስ ሰማሁት። ብረት የሚበሳበትን ትራፓኖ ሲያነሳ ብረቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩለት። እጃችን ተነካካ።

ደፈርኩና «ዓይኗ ተገልጦ ነበር?» አልኩት።

ትራፓኖውን አስቀመጠ። «ኢሻ ደርሷል፣ መስጊድ ልሂድ» አለ። አዛን ገና አላለም ነበር።

ብቻዬን ብረት ይዤ ቀረሁ። አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እትዬ አስቴር ዕቃ ሲያጥቡ የሚዘምሩትን መዝሙር አቆሙ። ሰሙኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

ሐሙስ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ፉአድ መጣ፣ ሥራውን ሊያይ። ነስሩ ሻንሲውን አስሮ ጨርሷል። ሞተሩን፣ ጎማው የሚታሰርበትን የፊትና የኋላ እግሩን ሊገጥሙ ተቀመጡ። ከሞተሩ ወደ ኋላው ጎማ የሚሄደው ዘንግ አልደረሰም። ትንሽ አይደለም፣ በጣም ነው ያልደረሰው። ፉአድ ብረቱን አገላብጦ አየ።

«አቦ ነስሩ፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ ነው» አለ። «እንዲህ ከረዘመ ድንጋይ ላይ ሆዱ ይቀመጥና አራቱም ጎማ አየር ላይ ይቀራል። በምን ለክተኸው ነው?»

ነስሩ ዘንጉን እንደገና ሞከረው። እኔ ግን አይቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰው ሲለካ ዓይኔ ይሄዳል። ሜትሩ ሳምንቱን ሙሉ እኔ የስፌት ማሽን ላይ ነበር። እሱ ላሜራውን ክርኑ ላይ ያስቀምጥና እስከ ጣቱ ጫፍ ዘርግቶ ነበር የሚቆርጠው። ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት የሚለካ ሰው።

«በክንዱ ነዋ» አልኩ። «መርካቶ አቡጀዲ ሻጭ ሆኗል።»

ፉአድ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ነስሩ ሻንሲውን አነሳና ግራ ክንዱ ላይ አጋደመው። አንዱን ጫፍ ክርኑ እጥፋት ላይ፣ ሌላውን ጣቶቹ ጫፍ ላይ። እንዲህ ይዞት ቆመ።

«ይህን ያህል ነበረች» አለ። «ራሷ እዚህ ጋ። እግሯ እዚህ።»

ፉአድ አንገቱን ደፋ። ነስሩ ራሱም የደነገጠ ይመስል ነበር፣ ምን እንደለካ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል። ብረቱን አስቀምጦ ወጣ። ፉአድ ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ ተከተለው።

እኔ ሻንሲውን አንስቼ ክንዴ ላይ አጋደምኩት። የእኔ ክንድ አጭር ነው፣ ከጣቴ ጫፍ አልፎ ሄደ። እኔ ትንሽ አድርጌ ነበር የማስባት፣ ጭብጥ የምታህል። ረጅም ነበረች። ስምንት ወር ተሸክሜያት ቁመቷን ዛሬ አወቅኩ።

አርብ

ተጣላን።

ጁምዓ ሰግዶ ቤት መጣ፣ ወንዝ ዳር አልሄደም። ምሳ ሳቀርብለት ትናንት ምንም እንዳልሆነ «ጨው በዝቶበታል» አለ። ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ልጅ ያለህ አንተ ብቻ ነህ ወይ አልኩት። ያየኸውን ደብቀህ ብቻህን ትበላዋለህ ወይ አልኩት። ክፉ ነገር ነው የተናገርኩት። አልተጸጸትኩም።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «ካወቀች አትረሳም ብለውኛል። እናቴም፣ አጎቴም። ዝም በል፣ ጊዜ ይሽረዋል አሉኝ።»

«እኔ መቼ ረሳሁና?»

ሳህኑን ራሱ አንስቶ አጠበ። ቀኑን ሙሉ አንዳችን ከአንዳችን እየተጠባበቅን ዋልን። ሻንሲው ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ነው። ሳልፍ አየዋለሁ። እሱም ሲያልፍ ያየዋል።

እናቱ ደውለው ነበር። «ምግብ ትበያለሽ ወይ» አሉኝ። እበላለሁ እማማ አልኳቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። እሳቸውም ሳያዩዋቸው የተቀበሩ ሁለት ልጆች አሏቸው፣ ፉአድ ነው አንድ ጊዜ የነገረኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሞርሳው ላይ ሻንሲውን አጥብቆት አገኘሁት። ሴጌቶው በእጁ ነው።

«ልቁረጠው?» አለኝ።

አትቁረጠው ልል ነበር። ጨርቅ አልብሼ ሣጥን ውስጥ ላኖረው ሌሊቱን ሳስብ አድሬያለሁ። ግን ፊቱን ሳየው፣ ብረት አቅፈን ልናረጅ ነው ወይ አልኩ በልቤ። እሷ ብረት አይደለችም።

«ቁረጠው» አልኩት። «እኔ እይዝልሃለሁ።»

ያዝኩለት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበው። ከዚያ እጁ ቆመ፣ ግንባሩን ሞርሳው ላይ ደፋ። ነስሩ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ አባቱ ሲሞቱ እንኳ። ወንድ እንዲህ ሲያለቅስ ያስፈራል። ትከሻውን ያዝኩት።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስቴር ናቸው፣ እጃቸው የሳሙና አረፋ እንደያዘ። ጫማቸውን አወለቁና እዚያው የብረት ብናኙ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ ልጆቼ» አሉ። ይህችን ቃል ማንም አላለንም ነበር። ይተካል ነው ያሉን እንጂ ያጽናናችሁ ያለን የለም።

ከዚያ ነስሩን «ምን ትመስል ነበር ልጄ?» አሉት፣ ልክ ደህና ስለተወለደ ልጅ እንደሚጠየቀው።

ነገራቸው። ጠጉሯ ብዙ ነው አለ፣ ጆሮዋ ላይ ደርሷል። ግንባሯ ሰፋ ያለ ነው፣ የእናቷ የሰሚራ ነው። ዓይኗ ተከድኗል፣ ያኮረፈች ነው የምትመስለው። ቀኝ እጇን ጨብጣለች፣ ልዘርጋው ብዬ አልደፈርኩም አለ። አፈሩ እርጥብ ነበር፣ መቃብሯ ከባሕር ዛፍ ሥር ነው፣ ጥላ አለው።

ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ አስቴር ነው የነገራቸው። እኔ ከጀርባው ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

እሑድ

እትዬ አስቴር ከጸሎት ሲመለሱ የሰፈር ሰው ይዘው መጡ። ወሬ የሚያበዙ ሴት አይደሉም፣ ግን የነገሩት ሰው አለ። የፊት ለፊቷ ዘምዘም ገንፎ አገንፍታ መጣች፣ እየፈራች፣ ትክክል ይሁን አይሁን ሳታውቅ። በላሁት፣ እያለቀስኩ። ወንዶቹ ነስሩን ከበው ተቀመጡ። ስለ እሷም አወሩ፣ ስለ ታክሲ ወረፋም አወሩ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራው።

አማቴ ከሳንሱሲ መጡ። በሩ ላይ ሰው አይተው ቆሙ። ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ሴቶቹ መሀል ገብተው ተቀመጡ፣ እኔ አጠገብ። ጉልበቴን ያዙ፣ እስኪሄዱም አልለቀቁም።

ሻንሲው ጥቂት እንደተቆረጠ ሞርሳው ላይ አለ። ፉአድ ቀሪውን በሳምንቱ እንጨርሰዋለን አለ። ነስሩ ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

ዘምዘም ስትወጣ የልጅቷን ስም ጠየቀችኝ። ነስሩና እኔ ተያየን፣ ስም አላወጣንላትም ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር አመሸን። ራህማ እንበላት አለ። በእናንተ ቤት ራህማ ሞልቷል፣ አንዷ ስትጠራ ሦስቱ አቤት ይላሉ አልኩት። እኔ ሶፊያ ነው የምለው። ሶፊያ የክፍሌ ልጅ ነበረች፣ ተንኮለኛ ነበረች አለ። ገና አልተስማማንም።