መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ

ውድ ክንፉ፣

በመተማ ሙቀት ላይ ረጅም ሰላምታ እንዳልጨምርብህ አሳጥሬዋለሁ። ባለቤትህ ለተኪዳን ደህና ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ «አባቱ ሳይመጣ አልወልድም» እያለች ትቀልዳለች። እኔም ደህና ነኝ። «በለጡ ጥያቄ ካቆመች ታማለች ማለት ነው» ትል አልነበር? እንግዲያው ጤነኛ ነኝ፤ ሰሊጥ ሳበጥር ሁለት ወር ሙሉ ያልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ አለኝ።

ያን ቀን ለምን «እኔ» አልክ?

እኔ እንደማስታውሰው ልጻፈው፤ የሳትኩት ካለ ታርመኛለህ። ዓርብ ከሰዓት ነበር። በፉል ሻጯ በሰዓዲያ ግቢ አርባ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። የማኅበራችንን ሥራ ታውቀዋለህ፤ ማታ ማታ ከእርሻ የተመለሰውን በስም እንጠራለን፤ የጎደለ ካለ ጠዋት አሥር ሆነን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን «ሰዋችን የት ነው?» እንላለን። ሌላ ሥራ የለንም። ከሻ በሚሉት አፈሳ ሐበሻን ጭኖ መውሰድ ለለመደ ፖሊስ ግን ከመጠየቅ የባሰ ምን ድፍረት አለ? ያን ሳምንት ሦስት ሰዎች ጎድለውብን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጠይቀን ተባረናል፤ ለሦስተኛው እየተዘጋጀን ነበር።

የቆርቆሮው በር ተከፈተና አንድ የፖሊስ መኮንን ፖሊሶቹን አስከትሎ ገባ። በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ልብሱን አላየሁም፤ ያየሁት ሰው ሲገባ ነው። አርማጭሆ ያደገ ሰው፣ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ ይቀራል? ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። ከኋላዬ ሕዝቡ ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ተነሳ። አስበው እስቲ፣ ሊደበድበን ለመጣ ሰው ነው ቦታ የምንለቀው!

መኮንኑ የተነሳንበት መስሎት ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «ዑግዑዱ! ተሐት!» እያለ ጮኸ፤ ተቀመጡ፣ መሬት ላይ ማለቱ ነው። ትንሽ ዐረብኛ የምንሰማው ልንቀመጥ ስንል፣ በገላባት በኩል ከገቡ ሳምንት ያልሞላቸው ግን እንደ አገራቸው ወግ «በእግዜር» እስኪላቸው ቆመው ጠበቁ። የመጣላቸው ዱላ ነው። ከዱላው ቀጥሎ ቡምባን የሚሉት የሚያስለቅስ ጭስ። እማማ ሣህሊቱ «ቁጭ በል፣ ልጄ» እያሉ የተቀመጡበትን አልጋ ሲያሳዩት ክንዳቸው ተሰበረ።

ቀጥሎ መኮንኑ አንድ ነገር ጠየቀ። እዚሁ የተወለደችው ሰዓዲያ ጭሱ እያሳላት «ማነው ያስነሳችሁ? ነው የሚለው» አለችን። ሁሉም ዝም። የእኔም ምላስ ደረቀ። ያን ጊዜ ከውኃ በርሜሉ ጎን አንተ ተነስተህ «አና» አልክ። እኔ ማለትህ ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰው ሳይነሳ የቀረኸው አንተ ብቻ ነበርክ እኮ! አንገትህን ደፍተህ የተበጠሰ ጫማህን በሽቦ ትሰፋ ነበር፤ ሲወስዱህም ሽቦው ከእጅህ አልወጣም። አሥራ አንድ ቀን አስረው፣ የስደተኛ ወረቀትህን ነጥቀው፣ በገላባት አሻገሩህ።

መጀመሪያ ስነሳ አይተኸኝ ነበር? አይተኸኝ ከሆነ በምን ዓይኔ አይሃለሁ? ሳታየኝ ከሆነ ደግሞ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ባለፈው ሰኞ፣ ያን ቀን ከመጡት ፖሊሶች ጢሙ የሸበተው ሰውዬ ሰዓዲያ ጋ ፉል ሊበላ መጣ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አላስችል አለኝ። «መነሳታችን ክብር እንደነበር ንገሪውና ለምን እንደመቱን ጠይቂልኝ» አልኳት።

«ወላሂ በለጡ፣ አንቺ ራስሽ ሙሽኪላ ነሽ! ይሄ ሰው ቡሊስ ነው፣ ቡሊስ!» አለችኝ። ችግር ነሽ ማለቷ ነው፤ ቢሆንም ጠየቀችው።

ሰውዬው ዳቦውን አስቀመጠ። «እኛም ለእንግዳ እንነሳለን» አለ።

«ታዲያ ካወቃችሁት ለምን መታችሁን?»

«እንግዳ ሆነን አልመጣንማ» አለና ፉሉን ሳይጨርስ ሄደ።

ሁለት ወር ሙሉ «እኔ ባልነሳ ኖሮ» ስል ከርሜያለሁ። ለካ ቁጭ ብንልም ዱላው አይቀርልንም ነበር። ታዲያ ቀለለኝ ልበልህ? አልቀለለኝም። ዱላው የእነሱ ነው፤ ዝምታው ግን የእኔ ነው፣ ክንፉ። በእኔ ቦታ ስትሄድ ዓይኔ እያየ ዝም ብያለሁ። አፍሬበታለሁ።

ሰዓዲያ አንድ ጠበቃ አግኝታለች። «ያስነሳቸው ሰው እንደሌለ፣ መነሳቱም ልማድ እንደሆነ በስሙ የሚመሰክር ካለ፣ የክንፉን ስም ከተባረሩት መዝገብ ለማስፋቅ እሞክራለሁ» ብሏል። የሚመሰክረው ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፤ ወረቀቱን ነጥቀው እንደ አንተ ሊያሻግሩትም ይችላሉ። ለተኪዳን ይህን ስትሰማ ማንንም አልለመነችም፤ ሆዷን ይዛ መሬት መሬት አየች።

እሑድ ልመሰክር እሄዳለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን «መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ» ስላቸው መኮንኑ ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየትም ጓጉቻለሁ።

ማኅበሩ አልፈረሰም። በሁለት ቤት ተከፍለን እንሰበሰባለን፤ የጎደለንን መጠየቅም አልተውንም፤ ከሦስቱ አንዱን አግኝተነዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ማንም ቢገባ ማንም እንዳይነሳ ተወስኗል። ባለፈው እማማ ሣህሊቱ ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ሲገቡ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቁጭ እንዳልን ቀረን። በሩ ላይ ትንሽ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ፣ ማንም «ኖር» ሳይላቸው፣ «በእግዜር» ብለው ተቀመጡ።

የምትገባበትን ቀን አስቀድመህ ላክልኝ። ያን ውሳኔ የማፈርሰው እኔ ነኝ፤ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ አሁንም የእኔ ነው። ያን ቀን «ማነው ያስነሳችሁ?» የሚል ከመጣ ግን፣ አደራህን፣ አንተ ዝም በል። እኔ እመልሳለሁ።

እህትህ በለጡ