ዳር የሌለው ሕመም

ውድ እታለም፣

ስልክ ላይ ስትቆጪኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። አንቺ ስትናገሪ መሃል የሚገባ ሰው ገና አልተወለደም። በወረቀት ግን አታቋርጪኝም፤ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

"ማህፀኔን ሊያወጡት ነው" ስልሽ "ማን ፈቀደላቸው?" አልሽ። እኔ ነኝ የፈቀድኩት።

እማዬ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና የወር አበባዬን ጣጣ ታውቂዋለሽ። "ስትወልጂ ይለቅሻል" ትዪኝ ነበር። አንቺን ስትወልጂ ለቀቀሽ። እኔን ግን ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ባሰብኝ። ደሙ እየረጋ ይወርዳል፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ ሆዴ ተነፍቶ ቀሚሴ አልቆለፍ ይላል። በእነዚያ ቀናት ጥቁር እለብሳለሁ። በስፌት ቤቱ ከጎኔ የምትሰፋዋ፣ ከቅጥነቷ የተነሳ መርፌ የምንላት፣ አትምረኝም።

"ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶብሽ ነው?"

"አክስቴ።"

"ይቺ አክስትሽ በየወሩ ነው እንዴ የምትሞተው?"

ደሜ ሲያንስ ዓለም ይለሰልሳል። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይሆናል። የያዝኩት ካፖርት እጄ ላይ ቀልጦ የሚፈስ ይመስለኛል፤ ክፍሉም እንደ ጀልባ ቀስ እያለ ከመሬት ይለቃል። አልዋሽሽም፣ ደስ ይላል። አንድ ቀን እንደዚያ እየተንሳፈፍኩ ወደቅሁ። ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ መርፌ ናት።

ከዚህ በፊት ያየኝ ሁሉ ለደም ማነስ እንክብል ሰጥቶ ነበር የሚሸኘኝ። ይቺ ሐኪም ግን ጥያቄ አበዛች። ሌሊት ልብስ ለመቀየር ትነሺያለሽ ወይ? ከባልሽ ጋር ስትሆኚስ ያምሻል? "ባል የሚባል ነገር በነበረኝ ጊዜ ያመኝ ነበር" አልኳት። ሆዴን በእጇ መረመረችና ማህፀኔ ማደጉን፣ መለስለሱን ነገረችኝ። ስትነካው ጥርሴን ነከስኩ። በአልትራሳውንዱ ላይ የታየው ግራጫ ደመና ነበር፤ ከስሩ እንደ ዝናብ የሚወርድ ጥላ። "ይህን ጠርጥሬ ነበር" አለችና ኤም አር አይ አዘዘችልኝ።

እዚያ ጠባብ ነገር ውስጥ አስገብተው ተዉኝ። ድምፁ የስፌት ቤት ነው። ዓይኔን ስጨፍን የድሮ ቤታችን ነበርኩ። አንቺ ተንበርክከሽ የእማዬን ካፖርት በልኬ ታሳንሻለሽ። አፍሽ በስፒል ስለተሞላ አትቆጪኝም። መንደሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓሦች በመስኮት ገብተው በበር ይወጣሉ፣ አንቺን ግን ምንም አይገርምሽም። ትከሻዬን ይዘሽ ታዪኛለሽ። ሲያወጡኝ አዘንኩ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አስቀምጣ ነገረችኝ።

"አዴኖማዮሲስ ይባላል። የማህፀንሽ የውስጥ ሽፋን ጡንቻው ውስጥ ገብቶ እዚያ እያደገ ነው። በየወሩ እዚያው ያብጣል፣ እዚያው ይደማል። ካንሰር አይደለም።"

"ገበሩ የካፖርቱ ጨርቅ ውስጥ ገባ ማለት ነው?"

"እንደዚያ በይው።"

"ታዲያ ይተርተራ። እኔ ስንቱን ተርትሬ መልሻለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። "እጢ ቢሆን ዳር አለው፤ ነቅለን እናወጣዋለን። የአንቺ ግን ዳር የለውም፤ ግድግዳውን ሁሉ ይዞታል። ከየት ጀምሬ የት ላቁም?"

ለሰፊ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳሩ የማይታይ ነገር ላይ መቀስ አይነሳም።

ብዙ ሴቶችን የሚረዳ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ ብላ አስገባችልኝ። እኔ ጋ አልበረከተም፤ ከደሙ ጋር ተጠርጎ ወጣ። የሆርሞን እንክብልም ሞከርኩ፤ አልረዳኝም። ከዚያ በኋላ ነው፣ የቀረው ማህፀኑን ማውጣት መሆኑን ነግራኝ፣ "ልጅ ትፈልጊያለሽ?" ያለችኝ።

እታለም፣ ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የአንቺ ጥያቄ "መቼ ነው የምትወልጂው?" ነው፤ ሌላ ነገር ነው። "አልፈልግም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ላባ ቀለለኝ። አሁን ሳስበው ፈልጌም አላውቅም። አንቺ የምትፈልጊውን ስፈልግልሽ ነው የኖርኩት። ቁም ሣጥንሽ ውስጥ ለእኔ ያስቀመጥሽውን የሕፃን ብርድ ልብስ አይቼዋለሁ። ለሚያስፈልገው ስጪው።

እኔ የምፈልገው ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ነው፤ ነጭ አንሶላ ላይ፣ ሳልፈራ።

ሐሙስ ጠዋት ለኦፕራሲዮን እገባለሁ። ብትቆጪም እገባለሁ፣ ባትመጪም እገባለሁ። ሐኪሟ ስነቃ አጠገቤ የሚሆነው ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሳላስበው "እናቴ" አልኳት። እሷም ጻፈችው። አላረምኳትም።

ታናሽሽ