አሥራ ስምንት ጥርስ

ሻኪሶ፣ መጋቢት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ፍስሐ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ብቻ ነው። እንደ ልቤማ ብጽፍ ወረቀቱ ከፖስታ ቤት አያልፍም ነበር።

አክስቴ ጉያቱ ቀበቶ የሚዞርበትን ፑሊና ብጣሽ ወረቀትህን ይዛ ከሊበን በጭነት መኪና መጣች። ከብቶቿ የሚጠጡበት የሊበኑ የውሃ ፓምፕ ቆሟል። አዲሱን ፑሊ በቶርኖ ጠርበህ አውጥተሃል፤ ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ሽብልቅ የሚገባበትን ቦይ ግን በቀዳዳው ውስጥ መቁረጥ አቅቶሃል። «ያንን ቦይ መቁረጫ ስለት እንደገና ሥራልኝ» ትላለህ። ያንን ስለት! ማን እንደሰበረው የረሳህ ትመስላለህ።

እኔ አልረሳሁም። ነገሌ ወርክሾፕ አብረን ስንሠራ፣ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ስድስት ሳምንት ሞርጄ ያወጣሁት ነው። አሥራ ስምንት ጥርስ ነበረው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከፊተኛው የሚበልጠው የፀጉር ያህል ነው። ዘይት ቀብተህ ቀስ ብለህ ከሳብከው ሁሉም ድርሻውን ይልጣል። «አትቸኩል» ብዬህ ነበር። አንተ ግን አለቃ ፊት ለመታየት ያለ ዘይት በመዶሻ ነረትከው። ለሁለት ሲሰበር ቆሜ አይቻለሁ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነሳህና «ጓዶች፣ ገልገሎ ሆን ብሎ ነው የሰበረው፤ ይሄ አሻጥር ነው» አልክ። ዓይኔን እንኳ አላየህም። ስምንት ወር ታሰርኩ። እናቴን የቀበሯት እኔ በሌለሁበት ነው። ቂም ይዣለሁ ፍስሐ፤ አልደብቅህም።

ወረቀትህን እሳት ውስጥ ልጥለው ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«አካም ገልገሎ! እንዴት እንዲህ ይሆናል? ከብት ቂም አይጠጣም እኮ።»

ሞረዴን አነሳሁ። አዲስ ስለት ሠርቼ ቦዩን አወጣሁት። ፑሊውን በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ልክክ ብሎ ይገባል። ስለቱ ግን እኔ ዘንድ ይቀራል።

የፑሊው ፊት ላይ ዙሪያውን አመጣጥኜ በመሮ የቀረጽኩትን ታየዋለህ፦ «የነገሌውን ስለት የሰበረው ፍስሐ ነው።» ሞተሩን ሊያስነሳ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል። ሞርጄ ላጥፋው ትል ይሆናል፤ መሞረድንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ነገር ግን ፊቱን ከነካኸው ፑሊው ሚዛኑን ይስታል፤ ፓምፑም ተንቀጥቅጦ ይቆማል። ያኔ ውሃው ለምን እንደቆመ ለጉያቱ ራስህ ትነግራታለህ።

ደህና ሁን አልልህም። ፓምፑ ደህና ይሁን።

ገልገሎ ጎዳና