ጣሪያ የማይደርስ ግድግዳ

መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ማኩረፍ ለሚገባት ባለቤቴ ለሻሽቱ፤
ጎሬ፣ እህትሽ ጥሩ ቤት።

እንደምን ከረምሽ? ጥሩስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ጎረቤት ይታዘበኛል።

አመሻሽ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ወጥቼ ወደ ጎሬ አያለሁ። ሰማዩ ሲጠራ ኮረብታው ላይ መብራት ጭል ጭል ይላል። ማየቴ ይሁን መመኘቴ ለራሴም አይለይልኝም። ከሁሉ ደመቅ ያለችውን፣ ይቺ የሻሽቱ ናት እላለሁ።

ያ ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። የጄኔሬተሩ ናፍጣ ስላነሰ በአንድ ክፍል ከአንድ ባለ አርባ ሻማ አምፖል በላይ እንዳይበራ ደንብ ወጣ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ እኔ። የሰው አምፖል ስፈታ ከርሜ የሚስቴን ብተው ምን እባላለሁ ብዬ፣ የቀበሌ ሰዎች ባሉበት ባለ መቶ ሻማሽን ፈታሁት። የሙሽራ ቀሚስ እየጠለፍሽ ነበር። መርፌው ወጋሽና ነጩን ቀሚስ ደም ነካው። በማግስቱ የስፌት መኪናሽን እንኳ ጥለሽ ሄድሽ። ደንቡን አክብሬ ሳይሆን ይሉኝታ ይዞኝ ነው። በድዬሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ፣ ከከተማው ሁሉ ትንሽ መብራት የቆጠረው የሽበሺ ቤት ነው ብለው ሁለት ባለ አርባ አምፖል ሸለሙኝ። ሰው አጨበጨበ። ተነሥቼ፣ «ጓዶች፣ ቤቴ የጨለመው ሚስቴ ስለሄደች ነው። ለማን ላብራ?» አልኩ። ጭብጨባው ቀጥ አለ።

በሕልሜ የሶር ፏፏቴ በቤታችን መካከል ሲወርድ አየሁ። ውሃው ወለሉ ጋ ሲደርስ ብርሃን ይሆናል፤ አንቺም እግርሽን ነክረሽበት ትሰፊያለሽ። ስነቃ ደንቡን እንደገና አነበብኩት። ስለ ክፍል ይናገራል እንጂ ስለ ግድግዳ ቁመት አንድም ቃል የለውም።

አናጢውን ኦላናን ጠርቼ ቤቱን በኮምፖርሳቶ ለሁለት አስከፈልኩት። ግድግዳው ደረቴ ድረስ ብቻ ነው።

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ ሽበሺ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ የጥጃ በረት?» አለኝ።

«ማንም ቢጠይቅህ ግድግዳ ነው በል» አልኩት።

አሁን ባለ ሁለት ክፍል ነን፤ ሁለት ባለ አርባ ይፈቀድልናል። መኪናሽን ግድግዳው ሥር አስጠግቼዋለሁ፣ ከዚህም ከዚያም ብርሃን ያገኛል። አለቃዬ መጥቶ አየና ራሱን ነቅንቆ ፈረመ። ከመቶው ሃያ ሻማ ይጎድላል፤ ይህን አልደብቅሽም።

የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ለሌላ ሰፊ ልትወስድ መጥታ ነበር። ሠርጉ ጥር ነው፣ ሻሽቱ ትጨርሰዋለች ብዬ መለስኳት። ደሙን ራሴ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቄዋለሁ። ከቀረሽ ግን ምን እንደምላት አላውቅም።

በወዲህኛው ክፍል አበራለሁ። የወዲያኛው አምፖል እስካሁን አልበራም፤ ማብሪያውን ያንቺ እጅ በሚደርስበት ልክ ዝቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።

አምላክ መንገድሽን የቀና፣ ልብሽን የራራ ያድርግልኝ።

ጨለማ የሰለቸው ባልሽ፣
ሽበሺ