አያ ብሎን መለሰ

ለልጄ፣

አያ ብሎንን ገደልሽው። በደልሽኝ። ሰላምታው ይደርሳል፤ ይህ ግን በመጀመሪያ ይጻፍ። ሆዱ ውስጥ ጠብ ይዞ በአፉ ጤና የሚጠይቅ ሰው አልወድም፤ በስተርጅናም እንዲህ ያለ ሰው መሆን አልጀምርም።

አሁን እንዴት ነሽ? ዓይንሽን እንዴት አድርጎሻል? ወረቀት ላይ ተደፍተሽ እንደምትውዪ ከሥራሽ ያስታውቃል፤ ሰሞኑን በወጡት የመጽሔትሽ እትሞች ላይ የሥዕልሽ ቀጫጭን መስመር ይንቀጠቀጣል። መብራቱን በግራሽ በኩል አድርጊው። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው መብራት በቀኙ ካስቀመጠ የሚሠራው በራሱ ጥላ ላይ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ይወጣል። ቤቱም እንደነበረ ነው። የጻፍሽልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩልሽም እንጂ። ይህን የምነግርሽ ፖስተኛውን እንዳትጠረጥሪው ነው፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል።

መጽሔቱን የት አይቶት ነው ትዪ ይሆናል። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ መደብሩ ጎን፣ ፀጉር ቤት ተከፈተ። አንድ ቀን ሳልፍ በመስኮቱ መጽሔት ተዘርግቶ አየሁ። ሽፋኑ ላይ የሰማይ መርከብ አለች። መርከቧን አላወቅኳትም፤ አፍንጫዋ ላይ የተገጠመውን የገመድ መጠቅለያ ግን አወቅኩት። የአሳንሰር ሞተር ነው። ያውም ቀኝ ጎኑ ላይ የተሰነጠቀው፣ እኔ አሳንሰር ጠጋኝ ሳለሁ በብረት ቀበቶ ያሰርኩት የረጅሙ ሕንፃ ሞተር። ገባሁ። ባለፀጉር ቤቱ ራሴን ዞሮ ዞሮ አየና፣ አባቴ ምኑን ልቁረጥልህ አለኝ። ያለውን አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ቀርቼ አላውቅም።

መጽሔቱን አብረን የምናነብ ማኅበርተኞች አራት ነን። አንዱ ባለፀጉር ቤቱ ነው። አንዷ ጎኑ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ እትዬ መርፌ ይሏታል፣ ለሥራዋ ብቻ አይደለም። ሌላው የታክሲ ሹፌር ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ መጽሔቱ ሐሙስ ይወጣል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም እስክንቀመጥ ግን ከፕላስቲኩ አይወጣም። ለአራታችን የሚገዛው አንድ ብቻ ነው። ለየብቻ ያነበበ ለብቻው ይስማማል፣ ክርክር አይኖርም ባዮች ናቸው። አንድ ሰው መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነባል። ገጹን ሳይጨርስ ሥዕሉን ማንም አያይም። ሲጨርስ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ባለፀጉር ቤቱ ደንበኛው ላይ ስለሚያቀረቅር የሚያየው በመስተዋቱ ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ፊደሉ የተገለበጠ ነው፣ ግራው ሁሉ ቀኝ ነው። የመርከቧ ካፒቴን የቆሰለች ጊዜ እኛ ግራ እጇን ነው ስንል እሱ ቀኟን ነው ብሎ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፎናል። ዛሬም አላመነም።

አንባቢው መጀመሪያ ሹፌሩ ነበር። ነጠላ ሰረዝ ላይ አይቆምም፤ መብራት ላይም አይቆምም ይባላል። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ወዲህ በል አልኩት። እንደምታውቂው ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ከሱቅ ሰሌዳና ከማሽን ሣጥን ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ ነው ያገኘሁት። ለቅሞ ያገኘ ሰው ደግሞ አይጥልም። አንብቤ ስጨርስ እትዬ መርፌ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው አለች። የሰው ወንበር ላይ በሹመት ስቀመጥ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅሽም።

ደራሲውን «ሰውየው» ነው የሚሉት። ሰውየው በዚህ ሳምንት ተሳስቷል፣ ሰውየው ሚስቱ ሳታስቀይመው አልቀረችም፣ ነገሩ ሁሉ ጨልሞበታል፤ እንዲህ ነው ወሬያቸው። አንድ ጊዜ ሹፌሩ፣ በባዶ ሰማይ ላይ ጭስ ሽቅብ አይወጣም፣ ሽቅብ የሚባል ነገር የለማ ብሎ ሊስቅብሽ ተነሣ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ላይ ተሳስተሻል። ግን እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክሬ አፉን አስያዝኩት። በምን እንዳስያዝኩት አትጠይቂኝ። ሲወጣ፣ ጋሼ አንተ ሰውየው ቢያበላህ እንኳ እንዲህ አትሟገትለትም አለኝ።

ያንቺ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው ታውቂዋለሽ። ይህን የልጅ ጨዋታ እንጀራዬ ብለሽ ከያዝሽ ስሜን አታስገቢበት ብዬሻለሁ። አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ እንግዲያው አንተም በማንም ፊት ልጄ ናት የሠራችው እንዳትል፣ ቃልህን ስጠኝ አልሽ። ሰጠሁሽ። አንቺ በብዕር ስም ወጣሽ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ ያጠፈውንም ሰው ቤቴ አስገብቼ አላውቅም።

ኋላ አያ ብሎንን አመጣሽው። የመርከቧ መካኒክ፣ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ በመካከላቸው የሚናገር፣ መፍቻውን በሲባጎ ወገቡ ላይ የሚያስር፣ አልፈታ ያለችውን የብሎን ዳዶ «ተይ አንቺ ልጅ» እያለ የሚለማመጥ፣ ካፒቴኗ ትዕዛዝ ስትሰጠው ጆሮው የሚደነቁር። ያንን ገጽ ሳነብ እትዬ መርፌ ቀና ብላ፣ ይህን ሰውዬ የማውቀው መሰለኝ አለች። ገጹን ገለጥኩት። ካፒቴኗ ልጅ ሳለች በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትሥል ነበር ብለሽ ጽፈሻል። ሣጥን አልነበረም፤ የተጋደመ የገመድ መንኰራኩር ነበር፣ እንዳይንከባለልብሽ ሁለት ድንጋይ ያስደገፍኩት እኔ ነኝ። ሌላው ትክክል ነው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከካፒቴኗ ይልቅ የሚወደደው እሱ ሆነ። ደንበኞቹ እንኳ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ገብተው፣ አያ ብሎን በዚህ ሳምንት ምን አለ ይላሉ። እኔም ድምፁን ለየት አድርጌ ነው የማነበው። ጎበዝ ነሽ። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ አልደግመውም።

ያለፈው ቅዳሜ መጣ። መርከቧ ከወገቧ ተሰንጥቃለች። እሳቱ ወደ ፊት እንዳይሻገር የሞተሩ ክፍል ተቆርጦ መጣል አለበት፤ አያ ብሎን እዚያ ውስጥ ነው። ካፒቴኗ በሬዲዮ ትጠራዋለች። ውጣ ትለዋለች። አያ ብሎን እባክህ ትለዋለች። ከወዲያ ድምፅ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ትጠራዋለች። የባለፀጉር ቤቱ መቀስ ቆመ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የጻፍሽውን ታውቂዋለሽ፤

«አያ ብሎን አልመለሰም። በሩን ዝጉት።»

እኔ ግን እንዲህ ብዬ አነበብኩ፤

«አያ ብሎን መለሰ። በሩን አትዝጉት።»

ድምፄ አልተሰበረም። ዓይኔም ደኅና ነው። አስቤ ነው ያነበብኩት።

ሹፌሩ ጉልበቱን በጥፊ መታ። አላልኳችሁም፣ እሱን ሽማግሌ ሞትም አይደፍረው፣ ቢወስደው ሲጨቃጨቀው ሊኖር ነው አለ። እኔ እንደ ደንቡ መጽሔቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አለማሳየት እችል ነበር፤ እጄ ለምዶ ከፍ አለ። ባለፀጉር ቤቱ በመስተዋቱ አየና፣ መልሶላት ከሆነ ካፒቴኗን ምን ያስለቅሳታል አለ። ደስታ ነዋ አለ ሹፌሩ። እትዬ መርፌ፣ በደስታ የሚያለቅስ ሰው አፉን ይከፍታል፣ ይቺ ከንፈሯን ነክሳለች አለች። ባለፀጉር ቤቱ ቀጠለና በሩም ተዘግቷል አለ። ሹፌሩ፣ እሱ በመስተዋት ስለሚታይህ ነው፣ ላንተ የተዘጋው ለእኛ ክፍት ነው ብሎ ሁላችንንም አሳቀ። እትዬ መርፌ ግን አልሳቀችም። መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰካችና እጇን ዘረጋች። ወዲህ በለው አለች።

ሰጠኋት። ምን ላድርግ፣ የማኅበር መጽሔት ነው።

አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች፣ እንደገና አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ያንቺን ቃል አነበበች፤ አልመለሰም፣ በሩን ዝጉት። ሹፌሩ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ እንደማላውቅ ትዝ ሲለው ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ወንበሩ ላይ የነበረው፣ ግማሽ ራሱ የተቆረጠ ደንበኛ፣ ታዲያ ሰውዬው ሞቷል ወይስ አለ፣ አንዱን ንገሩኝና ልሂድ አለ።

እትዬ መርፌ የምትጮህ ሴት ናት። ያን ቀን አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ እኛ መጽሔቱን ለአራት አንድ የገዛነው ዓይንህን አምነን ነው» አለችኝ። «ወይ ለምን እንዳደረግከው ንገረን፣ ወይ ወንበሩን ልቀቅ።»

ባለፀጉር ቤቱ፣ ተዪው እንጂ፣ ደክሞት ይሆናል አለ። አልደከመኝም አልኩት። ሹፌሩ ደግሞ እስከ ቤት ካላደረስኩህ ብሎ ለመነኝ፤ መንገዱን መሻገር ነው እኮ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጥተውኝ ወጣሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ለምን እንዳደረግከው ንገረን የሚለውን ልመልስ ብል ልጄ ናት የጻፈችው ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ መልስ አይሆንም። ያንን ካልኩ ላንቺ የሰጠሁሽ ቃል ይፈርሳል። ዝም ካልኩ ቃሌ ይጸናል፣ ወንበሩ ይሄዳል። ደግሞ ወንበሩ ቢሄድ እኮ ሹፌሩ ነው የሚያነበው፤ ያንን ሁሉ የደከምሽበትን በአንድ ትንፋሽ ይውጠዋል። መጽሔቱን ለብቻዬ ገዝቼ ቤቴ ላንብብ ብዬም አስቤ ነበር። ሞከርኩት፤ አንድ አሮጌ እትም አውጥቼ ማዕድ ቤት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ገጹን ስጨርስ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ለማን እንዳሳየሁ እኔም አላውቅም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አዲሱ ወጥቷል። ባለፀጉር ቤቱ እንደ ልማዱ በመስኮቱ አስቀምጦታል። ሽፋኑን እንዳላይ ፊቴን ወደ ጫማ መደብሩ አዙሬ ነው የተሻገርኩት። በውስጡ ምን እንዳደረግሽ አላውቅም፣ እንድትነግሪኝም አልፈልግም። ማኅበርተኛ ነኝ፤ ከእነሱ ቀድሜ አልሰማም።

የወሰንኩትን ልንገርሽ። ቅዳሜ ሄጄ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ፣ ሰውየው የምትሉት ሴት ናት፣ ልጄ ናት እላቸዋለሁ። እትዬ መርፌ ማን ትባላለች ማለቷ አይቀርም። ስምሽን ከነአባትሽ እነግራታለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ ቆሜ። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው እንጂ ልታስቢበት አይደለም፤ ፈቃድ አልጠየቅኩሽም። የቃሉን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ለቅቄዋለሁ። ያንቺን ጫፍ እንደ ፈቀድሽ አድርጊው። የቀደሙትን ሽፋኖች ግን ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ፤ ከመርከቧ ሥር ያለው ጥቁር ሰማይ ባዶውን ነው የሚሄደው። ሁለት ስም፣ ያንቺንና የእኔን፣ ጎን ለጎን ይይዛል።

እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይፍዘዝ። የምትሠሪበት ጠረጴዛ አይነቃነቅብሽ፤ ቢነቃነቅ ካርቶን አጥፈሽ እንዳታስደግፊው፣ እግሩ ይጠበቅ። ካሰብሽው ያድርስሽ። ክፉ ዓይንና ክፉ አሳታሚ ከደጅሽ ይራቅ።

አያ ብሎንን በመግደልሽ የተናገርኩሽ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ብትጽፊልኝ ስለ ሌላው ሁሉ እመልስልሻለሁ፣ ስለዚህ አልመልስም። ብትመጪም ገና ከደጅ አንሥተሽ ይቅርታ እንዳትጀምሪ፤ ግቢና ቁጭ በዪ። እኔ ከዛሬ በኋላ ይህን ነገር አላነሣም፣ ሲነሣም አልሰማም።

አባትሽ