በረዶ የሚጠጣው ሞተር

ውድ ወንድሜ ሮንግያን፣

የካዎሽዮንግ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ ሳንዪ ዝናቡ አላቆመም፤ ግቢው ሁሉ የረጠበ ካምፎር እንጨት ይሸታል። ደህና ነን። ማለቴ፣ እኔና አባባ ደህና ነን። መቅረጫ ማሽንህ ግን ታማብኛለች። ማን እንዳሳመማት ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገብቶኛል።

ስትሄድ የተባባላችሁትን አልረሳሁም። አባባ መሮአቸውን ወደ ማሽኗ ቀስረው፣ «ይሄ በኮምፒውተር የሚነዳ ብረት ዓመት ከሠራ ይሄን መሮ እውጣለሁ!» አሉ። አንተም ሻንጣህን አንጠልጥለህ፣ «ዓመት ስትሞላ መጥቼ ሲውጡ አያለሁ። ካልሞላች አልመጣም» አልክ። ስትናደዱ የሁለታችሁም አፍንጫ አንድ ዓይነት ነው የሚነፋው፤ መስታወት የላችሁም እንጂ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሬ ቀን እቆጥራለሁ። አሥራ ስምንት ቀርቷል።

ማክሰኞ ማሽኗ ለቤተ መቅደሱ የታዘዘውን በር ስትቀርጽ፣ ስለቱን ይዞ የሚሾረው ሞተር፣ ያ ስፒንድል የምትለው፣ ማፏጨት ጀመረ። ብነካው ጣቴን ለበለበኝ። አጥፍቼ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ሮጥኩ። ፓምፑ ይሠራል፤ ጎማው አልታጠፈም፤ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ዞሮ ወደ ባልዲው ይመለሳል። ውሃውን ቀየርኩ፣ በረዶ ሁሉ ጨመርኩበት። እንደገና ባስነሳት እንደገና ጋለ። በረዶ የሚጠጣ ሞተር እንዴት ይግላል?

አባባ ባልዲውን ዞር ብለው አላዩትም። እንደ አገሩ ባለማሽን ሁሉ፣ ማሽኗ እንድትታዘዝ ብለህ ራሷ ላይ ያስቀመጥከውን አረንጓዴ የኮኮናት ቺፕስ ከረጢት አነሡ።

«ቀለለኝ» አሉና ቀደዱት። የእንጨት ፍቅፋቂ እግራቸው ላይ ተዘረገፈ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኮኮናት መሰለኝ፣ አባባ።»

«ኮኮናት ካምፎር ይሸታል?»

እውነቱን ልንገርህ፤ ከአዲስ ዓመት በኋላ ርቦኝ በላሁት። እንዳይታወቅብኝ ፍቅፋቂ ሞልቼ በማጣበቂያ አሸግኩት። በዚህ ነገር ስስቅ የኖርኩት እኔ፣ ያን ቀን ማሽኗን የገደልኳት እኔ መሰለኝ። በልቼው እስከ ማክሰኞ ለምን እንደታገሠችኝ ግን አልገባኝም።

ማሽኗን ስትተክል ለረዱህ ለጋሽ ፓንግ ደወልኩ።

«ሞተሩን ያቀፈው ብረት ላይ አራት ብሎኖች አሉ። እስቲ ፍቺያቸው» አሉኝ።

«እምቢ አሉኝ፣ ጋሼ።»

«በእጅሽ ነው በምላስሽ የምትፈቺው?»

የብሎኑ ቁልፍ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩበት። ምንም!

«ማነው ያጠበቀው፣ ዝሆን? የሞተሩ ቀፎ ስስ ነው። ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው፣ ዘንጉ የሚሾርበት ኩሽኔታ ይታነቃል። ከታነቀ ውሃ አይደለም ባሕር ብታዞሪበት ይግላል።»

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የጥብቀቱን ልክ እንዲያሳይ ብለህ ብሎኑና ብረቱ ላይ በቀይ ቀለም ያሰመርከው መስመር ተሰብሯል፤ የብሎኑ ወደ በሩ፣ የብረቱ ወደ መስኮቱ ያያል። አራቱም። ሰው አጥብቋቸዋል!

በማግስቱ ማለዳ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ከተቆለለው ሳንቃ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅኩ። አባባ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተው ገቡ። ከብብታቸው አዲስ አረንጓዴ ከረጢት አውጥተው ማሽኗ ራስ ላይ አኖሩ። ከዚያ አራቱንም ብሎኖች እያቃሰቱ ያጠብቁ ጀመር።

«ያዝ» ይሉታል ብረቱን። «እንዳትለቅ። ልጁ እስኪመጣ ያዝ።»

ሌባ ይዤ ልጮህ ነበር የተዘጋጀሁት። አንተ እንድትመጣ የሚፈልጉት እሳቸው፣ እንዳትመጣ የሚያደርጉትም እሳቸው? ለየትኛው ልቆጣ?

«አባባ፣ እየገደሏት ነው» ብዬ ወጣሁ። ጋሽ ፓንግ ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ስልሳ ዓመት እንጨት ሳስር በማጥበቅ ያበላሸሁት ነገር የለም!»

«ሮንግያንስ?»

አመለጠኝ። አፍንጫቸው ሊነፋ ጀመረና ተወው። ከዚያ ቧንቧውን ሳይነቅሉ፣ «የእኔ ዓይን አያይም» አሉ። «መስመሩ ሲገጥም ንገሪኝ።» አንዱን ብሎን ሁለታችንም ተንጠልጥለንበት ነው የተፈታው። አራቱንም አንተ ያሰመርክበት ላይ መልሰናቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሠራች። አባባ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ይመስል በየሩብ ሰዓቱ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። ሞተሩ ለብ አለ እንጂ አልጋለም። ፉጨቱ ግን አለ። ጋሽ ፓንግ በስልክ አዳምጠው፣ ኩሽኔታው ተጎድቷል፣ ነገም ሊቆም ይችላል፣ ወርም ሊሠራ ይችላል አሉ።

ስለዚህ ቀን መቁጠር አልችልም። አንተም ተው፤ ኩሽኔታ ይዘህ ቶሎ ና። ይህን ጻፊ ብለው አባባ አላዘዙኝም። ብቻ ዛሬ ጠዋት መሮዎቻቸውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ ከሁሉም ትንሿን መርጠው ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ለምን እሷን?» አልኳቸው።

«ጉሮሮዬ ጠባብ ነው» አሉኝ።

ቺፕሱን የበላችው እህትህ፣
ሱዪን