ሳንቲሙን ሳይወስድ የሚወጣ ሰው

ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1948

የሆዴ ልጅ ኤፍሬን፣

ቺካጎ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ያቺን ግራጫ ሹራብ ከውስጥ ልበሳት፤ ታሳክካለች ብለህ እንዳትተዋት። እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው፤ እንዲያውም የፊልም ተዋናይ ሆኗል። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው!

ባለፈው ወር የፊልም ሰዎች መጥተው ሱቃችንን ለሁለት ቀን ተከራዩት። የወንጀል ፊልም ነው፤ መርማሪ፣ ሽጉጥ፣ ዝናብ፣ አንዲት ክፉ ቆንጆ። አንድ ሻንጣ ሙሉ ገንዘብም ይዘዋል። ቀረብ ብዬ ሳየው ምን ባይ ጥሩ ነው? ከሜክሲኮ ስንሰደድ ዋጋ አጥቶ ምድጃ ያቀጣጠልንበት ያ የአብዮቱ ጊዜ የብር ኖት! እውነተኛውን የወረቀት ዶላር በፊልም ማሳየት ክልክል ነው አሉ። ሳንቲሙ ግን እውነተኛ ነው።

ባለሱቁን አባትህ ራሱ ይሁን ተባለ። ሥራው ቀላል ነው። መርማሪው ገብቶ ሲጋራ ይገዛል፣ ሃምሳ ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ይወረውራል፣ መልሱን ሳይቀበል ይወጣል። በእነሱ ፊልም መልስ የሚጠብቅ ሰው የለም። ታዲያ ሰውየው በሩን እንዳለፈ አባትህ ሳንቲሞቹን ጨብጦ፣ "ጌታው! ኧረ ጌታው! መልስዎን!" እያለ መንገድ ድረስ ተከተለው።

"አቁሙ!" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ተወው እንጂ! ቸኩሏል!"

"ቢቸኩልስ?" አለ አባትህ። "ባርኔጣው ማለቁን አላየህም? የተቸገረ ሰው እኮ ነው።"

ሲደግሙትም ያንኑ አደረገ። በሦስተኛው እኔ ባንኮኒው ሥር ተሸጉጬ ሽርጡን በሁለት እጄ ያዝኩት። በዚህ ዕድሜዬ! ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።

ያኔ ዳይሬክተሩ ለስለስ ብሎ፣ "እሺ አባባ፣ አይከተሉት። ዝም ብለው በሩን ይዩ። ይመለስ ይሆን እንደሚል ሰው" አለው።

አባትህ በሩን አየ። ዳግመኛ መቅረጽ አላስፈለገም። መርማሪውን የሚሠራው ተዋናይ ተመልሶ፣ "አባባ፣ ይሄን የት ተማሩት?" ሲለው አባትህ መልሱን አስጨበጠውና ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ።

የት እንደተማረው እኔና አንተ እናውቃለን። ሱቅ ውስጥ አልታሰርም ብለህ ከእሱ ጋር የተጣላህ ዕለት የሳምንት ደሞዝህን እዚያው ባንኮኒ ላይ አስቀምጦልህ ነበር። "ያንተን ሳንቲም አልፈልግም" ብለህ በሩን ድርግም አድርገህ ወጣህ። እሱም ተናዶ "ሂድ!" አለ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስከው አልጠይቅህም። ገንዘቡ ዛሬም በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ዝርዝር ሲያልቅበት ጎረቤት ሥጋ ቤት ሮጦ ይመነዝራል እንጂ እሱን አይነካም።

ትናንት ቆርቆሮውን አውርጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልልክልህ ስል አባትህ ደረሰብኝ።

"ተይው! የሰው ሳንቲም በፖስታ አይላክም። በእጁ ነው የሚሰጠው" አለኝና መልሶ ሰቀለው። ቆይቶ ደግሞ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ፣ "የገናውን የበቆሎ ታማሌስ ዘንድሮ ለሦስት ሰው ሥሪ" አለ።

ልጄ፣ ፊልሙ እናንተ ጋ ሲደርስ ፋሲካ ይሆናል ይላሉ። አንተ ግን ፊልሙን አትጠብቅ።

የጓዳሉፔዋ እመቤት በባቡሩ መንገድ ሁሉ ከጎንህ አትለይ።

እናትህ ቶማሳ